ኮምፒዩተርን ፊደል ማስቆጠር

በጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ዳስ ውስጥ ስናስተምር አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ነው። ያንን በጽሕፈት ቤት የምናየውን ኮምፒዩተርስ ፊደል ያስቆጠረው ማነው?»

ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱን ለማግኘት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በሐሳባችን ከፍተን ሆዱን እንይ።

በፈረንጆች 1982፣ ማለትም በ1974 ዓ.ም.፣ ኮሞዶር 64 የሚባል ኮምፒዩተር በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። የቤት ኮምፒዩተር ይባል ነበር። ምክንያቱም ሰው በቤቱ ከቴሌቪዥን ጋር እያገናኘ ይሠራበት ስለነበረ ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ይህን ኮምፒዩተር ስንከፍተው ብዙ እግር ያላቸው ጥቋቁር ትንንሽ ዕቃዎች እናገኛለን። ቺፕ ይባላሉ። ከነሱ ሦስቱ ሮም ናቸው። ሮም ስንል የጣልያኗን ከተማ ማለታችን አይደለም። ሮም በፋብሪካ አንድ ጊዜ የተጻፈበት ማኅደር ነው። መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን አይረሳም። አዲስ ነገር ግን አይቀበልም። እንደ ቀበሌ ማኅተም ነው። ማኅተም የተቀረጸበትን ብቻ ያትማል። ሌላ ቃል እንዲያትም ከፈለግን ሌላ ማኅተም ማስቀረጽ አለብን።

ከሦስቱ ሮሞች አንዱ የፊደሎችን ቅርጽ ይይዛል። ኮምፒዩተሩ ፊደል የሚሥለው በነጥብ ነው። ለአንድ ፊደል ስምንት ረድፍ አለ፤ በየረድፉም ስምንት ነጥብ። ጠቅላላው 64 ነጥብ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ዶቃ እየደረደርን ቅርጽ እንደምናወጣ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም አንዱን ነጥብ እያበራ፣ ሌላውን እያጠፋ ፊደል ያወጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው የቀረጸው እንግሊዝኛ የሚጻፍበትን ፊደል ነው። በካርታ መጫወቻ ላይ የምናያቸው አራት ምልክቶች እንኳ ቦታ አግኝተዋል። ሀ ግን የለችም። የኑዌር ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሆኖም እንግሊዝኛ የሌሉት ተጨማሪ ፊደሎች አሉት። እነሱም የሉም። ይህ የሆነው መኪናው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የቀረጹት ሰዎች እኛን ስላላሰቡ ነው።

ታዲያ መኪናውን እንጣለው? የዶማ ዛቢያ ሲሰበር ብረቱን አንጥልም፤ ዛቢያውን እንለውጣለን። ሮምም እንዲሁ ይለወጣል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ቀጥሎ አሮጌው ሮም እግሩ እንዳይሰበር ቀስ ተብሎ ይነቀላል። በብየዳ የተያዘ ከሆነ ግን የባለሙያ እጅ ይጠይቃል። በመጨረሻ በቦታው ሌላ ቺፕ ይተከላል።

አዲሱ ቺፕ ብዙ ጊዜ ኢፕሮም የሚባለው ነው። ኢፕሮም በልዩ መሣሪያ ይጻፍበታል፤ ተደምስሶም እንደገና ይጻፍበታል። የአሮጌው ሮም እግሮች 24 ናቸው። የተለመደው ኢፕሮም ግን 28 እግር አለው። ስለዚህ በመካከላቸው አገናኝ ዕቃ ይገባል። ኢፕሮም በጀርባው ላይ ትንሽ የመስተዋት መስኮት አለችው። በዚያች መስኮት ጠንካራ ጨረር ከገባ ጽሑፉ ይጠፋል። እንደ ጋምቤላ ባለ ፀሐይ ላይ ክፍቱን ቢተውት በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስኮቷ በወረቀት ትሸፈናለች።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በሮሙ ውስጥ ሁለት የፊደል ገበታዎች አሉ። አንዱ ገበታ 256 ቦታ አለው። የአማርኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። 25 ቦታ ይተርፋል። አሥሩን ለቁጥር፣ አሥራ አምስቱን ለነጥቦች ብናደርግ ይበቃል። እንግሊዝኛው በሁለተኛው ገበታ ይቀመጣል። ነገር ግን ፋብሪካው የገበታውን ግማሽ የያዘው እነዚያኑ ፊደሎች ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ በመድገም ነው። ያንን መተው ግድ ይሆናል።

ሌላም ሥራ አለ። የኮምፒዩተሩ ቁልፎች 66 ብቻ ናቸው። 231 ፊደል በ66 ቁልፍ እንዴት ይጻፋል? ሁለት ሁለት ቁልፍ እያጣመሩ ነው። ይህንን ለማስረዳት ደግሞ ትእዛዝ የያዘውም ሮም መለወጥ አለበት። ችግሩ አዲስ አይደለም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት የሚታወቁት ኢንጂነር አያና ብሩም ያጋጠማቸው ይኸው የፊደል ብዛትና የቁልፍ ማነስ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። የአሁን ኮምፒዩተርና ስልክ ጽሑፍ የሚያወጡበትን የፊደል ቅርጽ እንደ ሌላው ጽሑፍ በሚለወጥ ማኅደር ይይዛሉ። በፈረንጆች 1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ገባ። አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች የሚወዱ ሰዎች ግን ዛሬም ሮም ይለውጣሉ። አንዳንዱ ሮም በዕድሜ ይበላሻል፤ ፋብሪካውም አሁን አይሠራውም። ስለዚህ ብዙ ጽሑፍ የሚይዝ አዲስ ቺፕ በትንሽ ሰሌዳ ላይ አድርገው ይተክላሉ። በማብሪያ ማጥፊያ የፈለጉትን ይመርጣሉ።

እንግዲህ አባባ፣ መልሳችን ይህ ነው። ኮምፒዩተሩን ፊደል ያስቆጠረው ሰው ነው። ሰው የጻፈውንም ሰው ይለውጠዋል፤ ለመለወጥ ግን መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ያ መኪና አዲስ ፊደል ሲያስፈልገው ሆዱ ተከፍቶ ሌላ ቺፕ ይተከልለታል። እርስዎ ግን በእርጅናዎ፣ ማንም ሳይከፍትዎ፣ ተምረዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሮም ከማኅተም ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. የኢፕሮም መስኮት የሚሸፈነው ለምንድን ነው?
3. የፊደል ቅርጹን ብቻ መለወጥ የማይበቃው ለምንድን ነው?
4. በቤታችን ካሉት ዕቃዎች አንዱ ክፍል ተለውጦ የዳነ የትኛው ነው?