ታንኳ የሚሞተው ከውስጥ ነው

በአሊዩ አምባ የማታ ትምህርት ላይ አንድ ቀን «ታ» የሚለው ፊደል ላይ ደረስን። በሰሌዳው ላይ «ታንኳ» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ፊደሉን አንድ ባንድ እየቆጠሩ ቃሉን አነበቡት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ቃሉንስ አነበብነው። ነገሩን ግን አላየነውም። ከሣር ይሠራል ሲሉ እሰማለሁ። ሣር ውኃ ላይ ሲውል ሲያድር እንዴት አይበሰብስም?» አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያደግሁት በጣና ሐይቅ ዳር ነው። አጎቴ የዚህን ጥያቄ መልስ አንድ ክረምት ቸል ብሎ ሊሞት ነበር። ስለዚህ የዚያን ማታ ትምህርት ትቼ ስለ ታንኳ አወራኋቸው። ያን ያወራሁትን ነው እዚህ የጻፍኩት።

አሊዩ አምባ ሐይቅ የለውም። ከአንኮበር ሥር ባለው ቁልቁለት ላይ የተቀመጠ አገር ነው፤ ጅረቶቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ታዲያ ስለ ታንኳ ማወቅ ለገበሬ ምን ይሠራለታል? ይሠራለታል እንጂ! ታንኳን የሚበላው ጠላት የቤታችሁን ምሰሶ፣ የበሬውን ቆዳና ማረሻውን ከሚበላው ጠላት ጋር ዘመድ ነው።

የሚያበሰብሰው ምንድን ነው?

ብዙ ዓመት የቆመ ምሰሶ ነቅላችሁ ታውቃላችሁ። የተበላው የቱ ጋ ነው? ላይኛው ጫፍ ደህና ነው። መሬት ውስጥ በጥልቅ የገባውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። አብዝቶ የበሰበሰው ከአፈሩ አፍ ላይ፣ መሬትና አየር የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚባል ነገር ነው። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታና በክረምት የሚበቅለው እንጉዳይ ከዚሁ ወገን ናቸው። ፈንገስ ለመኖር ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ ምግብ፤ ምግቡ እንጨቱ ራሱ ነው። ሁለተኛ እርጥበት። ሦስተኛ አየር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። የምሰሶው ጫፍ እርጥበት የለውም። ጥልቁ ደግሞ አየር ያንሰዋል። ከአፈሩ አፍ ላይ ግን ሦስቱም ይገናኛሉ።

ጀልባም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚኖረው የጀልባ ሆድ ቶሎ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ከውኃው መስመር በላይ ያለው ጎኑና የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ውስጡ ነው። ሰው ሁሉ ጀልባን የሚገድለው የሐይቁ ውኃ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገድለው ውስጡ ገብቶ የቀረው ውኃ ነው።

ጨውና ጨው የሌለው ውኃ

የባሕር ውኃ ጨው አለበት። የጣና፣ የዝዋይና የሐዋሳ ውኃ ግን ጨዋማ አይደለም። ይህ ልዩነት ለጀልባ ትልቅ ነገር ነው።

የአሊዩ አምባ ሰው ጨውን ከጥንት ያውቀዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቆላው በግመል የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ጨውን በዚሁ ገበያ በኩል ወደ ሸዋ ደጋ ያስገባ ነበር። እናንተም በሬ ስታርዱ ቆዳው እንዳይበሰብስ ጨው ትነሰንሱበታላችሁ። ጨው ለእንጨትም እንዲሁ ይረዳል። በሰሜን አሜሪካ ጨው በሌላቸው ታላላቅ ሐይቆች ላይ የሚሠሩ መርከበኞች ይህን ስለሚያውቁ፣ በእንጨት መርከብ ዘመን በመርከቡ ግድግዳ መካከል ጨው ይጠቀጥቁ ነበር።

ባሕርም የራሱ መዘዝ አለው። እንጨት እየቦረቦረ የሚኖር ትል መሰል የባሕር እንስሳ አለ፤ ብዙ የእንጨት መርከብ በልቶ አስምጧል። በእኛ ሐይቆች ይህ እንስሳ የለም። ስለዚህ የሐይቅ ሰው ከቦርቧሪው ተርፏል፤ ከመበስበስ ጋር ግን ሁልጊዜ መታገል አለበት።

የደንገል ታንኳ

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ታንኳ የሚሠራው ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ተክል ነው። ደንገል ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። አገዳው ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን አለው። ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችም የተሞላ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው።

ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ በነዶ በነዶ እየታሰረ፣ ነዶው ከነዶ ጋር እየተሰፋ ረጅምና ሹል ሆኖ ይሠራል። በጣና ዳር በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የወይጦ ሰዎች ናቸው። በታንኳ ዓሣ ይጠመዳል፣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት ይጫናል፣ ወደ ደሴቶቹ ገዳማትም ሰው ይሻገራል።

ታዲያ ሣሩ አይበሰብስም ወይ? ይበሰብሳል። ከመበስበሱ በፊት ደግሞ ሌላ ነገር ይደርስበታል፤ ውኃ ይጠጣል። ታንኳው ውኃ ላይ በቆየ ቁጥር ውኃው በአገዳው ቁራጭ ጫፍና በተሰነጠቀው ልጥ ይገባል። የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ከላይ ለሚያየው ሰው ግን ያው የትናንቱ ታንኳ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማድረቅ። ከሥራ ሲመለሱ ታንኳውን ከውኃ ማውጣት፣ ዛፍ ላይ አስደግፎ ማቆም ወይም በደረቅ ቦታ ማስተኛት፣ ውኃው እስኪንጠፈጠፍና ነፋስ እስኪያገኘው መተው። ሁለት ታንኳ ያለው ሰው አንዱን ሲሠራበት ሌላውን ያሳርፋል። ውኃ ላይ ታስሮ የሚያድር ታንኳ በጥቂት ሳምንታት ዋጋ ያጣል። እየደረቀ የሚሠራበት ግን ለወራት ያገለግላል።

አጎቴ ይህን ያውቃል፤ ከአባቱ የተማረው ነው። አንድ ክረምት ግን ዝናቡ አላባራ አለ። «ዞሮ ዞሮ አይደርቅ፣ ለምን እለፋለሁ» ብሎ ታንኳውን ከነእርጥበቱ ዳር ላይ አስሮ ተወው። ለቅዳሜ ገበያ እንጨት እንደ ወትሮው ጫነ። መንገድ እኩል ላይ ሲደርስ ነፋስ ተነሣ። የታንኳው ጠርዝ ከውኃው አንድ ስንዝር እንኳን አልቀረውም ነበር። ማዕበሉ ገባ። እንጨቱን እያነሣ ወደ ሐይቁ ወረወረ፤ በደረቱ ታንኳው ላይ ተኝቶ እየቀዘፈ ዳር ደረሰ። ገንዘቡ ሐይቅ ውስጥ ቀረ፣ ነፍሱ ግን ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ሳይጭን በፊት ሁለት ነገር ያደርጋል። ታንኳውን በአንድ በኩል አንሥቶ ክብደቱን ይፈትናል። ባዶውን ውኃ ላይ አውጥቶም ጠርዙ ከውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በስንዝር ይለካል። ስንዝሩ ካነሰ ጭነቱን ይቀንሳል፤ ወይም ያን ቀን አይሄድም።

የሳንቃ ጀልባ

ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ ጠባዩ ሌላ ነው። መጥረቢያችሁን አስቡ። በበጋ እጀታው ደርቆ ይላላል፤ ውኃ ውስጥ ሲነከር አብጦ ይጠብቃል። የጀልባ ሳንቃም ውኃ ሲያገኝ አብጦ ክፍተቱን ይዘጋል። ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆየ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ያፈሳል። ስለዚህ የደንገሉን ታንኳ ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን፤ የሳንቃውን ጀልባ ግን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ እናሳርፈዋለን።

ጥበቃው እንዲህ ነው።

1ኛ. የዝናብ ውኃ ውስጡ እንዳያድር ቶሎ ቶሎ መቅዳት። የብስ ላይ ሲሆን ውታፉን ነቅሎ ውኃውን ማስወጣት።

2ኛ. የብስ ላይ ሲያርፍ በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ ማስቀመጥ። ሆዱ እርጥብ መሬት አይንካ።

3ኛ. በቢላዋ ጫፍ ጎኑንና ማዕዘኑን መውጋት። ጤነኛ እንጨት ቢላዋውን ይመልሳል። የበሰበሰ እንጨት እንደ ዳቦ ያስገባዋል። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ አውጥቶ መተካት።

4ኛ. በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጥጥ ወይም በቃጫ ጠቅጥቆ ከላይ በሬንጅ መድፈን።

5ኛ. ቀለም መቀባት፤ ነገር ግን እንጨቱ ሲደርቅ ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው እርጥበቱን ከውስጥ ቆለፈበት። ሌባን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

የብረት ጀልባ

ዛሬ በጣና ላይ የሞተር ጀልባ ብዙ ነው። ብረት አይበሰብስም፤ ዝገት ግን አለበት። ብረት የሚዝገው ውኃና አየር ሲያገኝ ነው። የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ቀለሙ ከተፋቀበትና ሚስማር ከገባበት ቦታ ነው። ጨው የሌለው የሐይቅ ውኃ ከባሕር ውኃ ይልቅ በዝግታ ያዝጋል፤ በዝግታ ስለሚሠራም ሰውን ያዘናጋል።

የብረት ጀልባ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ሆዱ ይታጠባል። የተጣበቀው አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ይፋቃል። ዝገቱ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይጸዳል። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ በላዩም ሌላ ቀለም ይደረባል። ዝገት ላይ ቀለም መደረብ ግን ቁስልን ሳያጥቡ መጠቅለል ነው።

አንድ የሚያስገርም ብልሃትም አለ። ማግኒዝየም የሚባል ማዕድን ቁራጭ ከብረቱ ሆድ ጋር በብሎን ይታሰራል። ውኃው ብረቱን ትቶ አስቀድሞ ማግኒዝየሙን ይበላል። ሲያልቅ በአዲስ ይተካል። በባሕር ላይ ለዚህ ሥራ ዚንክ ይታሰራል፤ ጨው በሌለው ውኃ ግን ማግኒዝየም ይበልጣል። ይህ ቁራጭ ቀለም መቀባት የለበትም፤ ከተቀባ ሥራውን አይሠራም።

ደንገሉ እንዳያልቅ

በጥንት ግብጻውያን መቃብር ግድግዳ ላይ የደንገል ታንኳ ሥዕል ይገኛል። በ1961 ዓ.ም ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ እንዲህ ባለ ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይቻል እንደሆነ ለመፈተን ፈለገ። በግብጽ ግን ደንገል ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ሐይቅ ነው። «ራ» የተባለው ጀልባ በዚያው ዓመት በግንቦት ከሞሮኮ ተነሥቶ ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በመጨረሻ የኋላ ጫፉ ውኃ ውስጥ ሰጠመ፤ ሰዎቹም ጥለውት ወጡ። ይሁን እንጂ በቀጣዩ ዓመት በ1962 ዓ.ም ዳግማዊ «ራ» በ57 ቀን ተሻገረ።

አንድ አገር ደንገሉን ካጠፋ በኋላ ከሌላ አገር ይለምናል ማለት ነው። የጣና ደንገልም በእርሻና በግጦሽ ምክንያት ቀንሷል። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ ተስፋፍቷል፤ ለታንኳም ለሞተር ጀልባም መንገድ ይዘጋል። ደንገል በራቀ ቁጥር አዲስ ታንኳ መሥራት ይከብዳል። ያለውን መጠበቅ የግድ ነው።

መደምደሚያ

ወሬዬን ስጨርስ ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ታንኳና በሬ አንድ ናቸው በለኛ። ካላሳረፍካቸው ይጥሉሃል» አሉ። እኔ በብዙ ቃል ያወራሁትን እሳቸው ባንድ ቃል ጨረሱት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የዛሬ ስንጥቅ በቃጫ ይደፈናል፤ የከርሞው ስንጥቅ ሳንቃ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ይወስዳል። ታንኳ ባይኖራችሁም ምሰሶ አላችሁ፣ ጎተራ አላችሁ፣ ማረሻ አላችሁ። ክረምት ሳይገባ የምሰሶውን ሥር በቢላዋ ጫፍ ፈትኑት። ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጉት። ማረሻውን አድርቃችሁ ስብ ቀቡት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፈንገስ ለመኖር የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?

2. የደንገል ታንኳ ፀሐይ ላይ ሲቆም የሳንቃ ጀልባ ጥላ ውስጥ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?

3. አጎቴ ስህተቱ ምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

4. በቤታችሁ ከእርጥበት መጠበቅ ያለባቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ።