ጉና ላይ ዘንቦ ይፋግ የሚደርስ ጎርፍ

ባሕር ዳርቻ ያለ የፎቅ መኖሪያ በአውሎ ነፋስ ሲናወጥ በቴሌቪዥን ያየ የይፋግ ሰው «ይህ ነገር በጣና በኩል እኛ ዘንድ ይመጣ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አይመጣም። ያ አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው የላይኛው ውሃው ከ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከሞቀ ሰፊ ባሕር ነው፤ የብስ ሲረግጥ ይደክማል። ጣና ሰፊ ነው ብንልም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ። እንዲህ ያለውን ነፋስ ሊመግብ አይችልም።

ወደ አገራችን ከቀረቡት አንዱ ሳጋር የተባለው ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድ ገባ፤ ዝናቡም ጅቡቲንና የእኛን ሶማሌ ክልል በጎርፍ አጥለቀለቀ። ነፋሱ ደክሞ ሳለ ውሃው መንገዱን ቀጠለ። ለይፋግ ሰው ከዚህ የሚጠቅመው ነገር ይኸው ነው፤ የማዕበሉ መሃል ሩቅ ሆኖ ውሃው ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

ለይፋግና ለታችኛው ሜዳ ያ መሃል የጉና ተራራ ነው። የርብ ወንዝ ከዚያ ተነሥቶ ገባሮቹን እየሰበሰበ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ደጋው ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ውሃው ሜዳ ሲደርስ መሽቷል። ይፋግ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከዋክብት ወጥተው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ርብ ይሞላል። ደራሽ ውሃ መባሉ ለዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍም የመጣው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ከጣለው ዝናብ ነው፤ ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሞተ። በዚያው ክረምት በዚሁ በርብ ሜዳ ያሉት የፎገራና የሊቦ ከምከም ዝቅተኛ ቀበሌዎች በውሃ ተውጠው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል።

ታች ደግሞ ሐይቁ ራሱ አለ። በክረምት ወንዞቹ ወደ ጣና የሚያስገቡት ውሃ በዓባይ በኩል ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ የነበረው ሐይቅ እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ምንም አይደለም። እንደ ገበታ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ግን ብዙ ማሳ ይሸፍናል፤ ርብም መግቢያው ስለሚሞላበት ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ይተኛል። ወንዙ ከተራቆተው ደጋ ጠርጎ ያመጣው ደለል ደግሞ የራሱን መውረጃ እየሞላ ዳርቻውን ያስጥሰዋል። ላይ የተሠራው የርብ ግድብ ከፊሉን ውሃ ይይዛል፤ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ጅረቶች ግን የሚያቆማቸው የለም።

«ታዲያ ለምን ከዚያ አይነሡም?» የሚሉ አሉ። ይህን ጥያቄ አልወደውም። ያ ደለል እኮ ነው ሩዙን የሚያበቅለው፤ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው እርጥበት ነው ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት። ሰው ተሳስቶ አልሰፈረም፤ የሚያስፈልገው ጊዜው ሳያልፍ መስማት ነው።

ስለዚህ ሰማዩን ከማየት ስልክ መደወል ይበልጣል። ደብረ ታቦር ወይም እብናት በኩል ዘመድ ያለው ሰው ከቀትር በኋላ «እንዴት ዋላችሁ? ዝናቡስ?» ብሎ ይጠይቅ። ከባድ ዝናብ መጣሉን ከሰማ በዚያ ሌሊት ከቤቱ አንድ ሰው ነቅቶ ይደር፤ ከብቱም ሳይመሽ ወደ ጉብታ ይውጣ። ብዙ ሰው የሚዘገየው ለከብቱ ሲል ነው፤ በጨለማ በሬ ፍለጋ ውሃ ውስጥ መግባት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። የወንዙ ውሃ በድንገት ደፍርሶ ግንድና ሥር ይዞ ከመጣ፣ ድምፁም ከተለወጠ፣ ቆሞ ማየት አይገባም። የሚፈስ ውሃ ጉልበት ላይ ከደረሰ ጠንካራ ጎልማሳንም ይጥላል፤ በትር ይዞ መሻገር አያድንም። መብረቅ ባለበት ወጀብ ታንኳ ላይ መሆን፣ ሜዳ ላይ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለልም እንዲሁ አደገኛ ነው።

እህሉን፣ መታወቂያውንና የመሬት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ መስቀል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም፤ ውሃው ሸሽቶ ኩሬ ሲቀር ወባ ስለሚከተል አጎበሩም ከእህሉ ጋር ይታሰብ።

ሰው የሚዘናጋው መስከረም ላይ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ክረምቱ ያለፈ ይመስላል። ሐይቁ ግን ከፍ የሚለው ያኔ ስለሆነ አንድ ዘግይቶ የመጣ የጉና ዝናብ መውረጃ አያገኝም። ቆጥ ላይ የተሰቀለው እህል ጥቅምት እስኪገባ ባለበት ይቆይ።