የዳኛ እጩ መጠሪያ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ፦ የካሊፎርኒያ ሕግ ለጥቂት ቃላት ለምን ተጨነቀ?

በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኞቹ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ዳኛ ይሾማል እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። በአሜሪካ ግን ብዙ ግዛቶች ዳኞቻቸውን በምርጫ ይሰይማሉ። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ካሊፎርኒያ ከእነዚህ አንዷ ናት። እዚያ ዜግነት ያገኘ ወገናችን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቃቸውን የካውንቲ ፍርድ ቤት እጩዎች ያገኛል። የሚመርጠው ለስድስት ዓመት ነው።

ውድድሩ ከፓርቲ ነጻ ስለሆነ በወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም። የእጩው ስምና ከሥሩ የሰፈረው የሙያ መጠሪያ ብቻ ይታያል። መራጩ የሚያውቀው ነገር ሲያንስ ምን ሊከተል እንደሚችል በ2006 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ታይቷል። ለ20 ዓመታት የዳኙና የጠበቆች ማኅበሩ እጅግ ብቁ ናቸው ያላቸው ዳኛ፣ ማኅበሩ ብቁ አይደሉም ባላቸው የዳቦ መሸጫ ባለቤት በሆኑ ጠበቃ ተሸነፉ። ብዙዎች ሽንፈቱን ያሳበቡት በዳኛዋ ስም እንግዳነት ነበር። የወቅቱ አገረ ገዥ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር መልሰው ሾሟቸዋል።

ስም እንዲህ ከመዘነ መጠሪያማ ምን ያህል ይመዝናል! የግዛቲቱ የምርጫ ሕግ የሥራ መጠሪያን በመሠረቱ በሦስት ቃል ይወስናል፤ የሚገለጸውም የእጩው የአሁን ወይም ያለፈው ዓመት ዋና ሥራ መሆን አለበት። እንደ «የላቀ» ወይም «ስመ ጥር» ያለ ራስን ማወደሻ፣ «የቀድሞ» የሚል ቃል፣ የዘር ወይም የሃይማኖት መጠሪያም አይፈቀድም።

ሦስት ቃል ግን ለብልህ ብዙ ነው። በሎስ አንጀለስ ምክትል ዐቃብያነ ሕግ ለዳኝነት ሲወዳደሩ፣ ትክክለኛ የሥራ ማዕረጋቸውን ትተው «የወንበዴ ቡድን ግድያ ከሳሽ» የመሰለ መጠሪያ ያስመዘግቡ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ልክ ሦስት ቃል ነው። ሐሰት አልነበረም፤ የተመደቡበትን ሥራ ይገልጻል። ይሁን እንጂ መንግሥት በራሱ ወጪ የሚያትመው የምርጫ መፈክር ሆኖ ነበር። ተቀናቃኙ ዕድሜውን ተከሳሾችን ሲከላከል የኖረ ሰው ከሆነ፣ የሚጽፈው «ጠበቃ» ብቻ ነው። ነገ ችሎት ፊት የሚቆመው ተከሳሽም በዚህ መንገድ ወንበሩን ያገኘ ዳኛ ይጠብቀዋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሻሻያ ይህን በር ለመዝጋት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የሕግ ባለሙያ የሥራ ማዕረጉን ሲጠቀም፣ በሕግ የታወቀውን ትክክለኛ ማዕረግ ከመሥሪያ ቤቱ ከተማ ወይም ካውንቲ ስም ጋር መጻፍ አለበት፤ ለምሳሌ «ምክትል ዐቃቤ ሕግ፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ»። በግሉ የሚሠራው «ጠበቃ» ብሎ ሌላ አንድ ዋና ሙያውን፣ ለምሳሌ «የሕግ መምህር» የሚለውን ሊጨምር ይችላል።

በእኛ እይታ ማሻሻያው ተገቢ ቢሆንም ሚዛኑን ሙሉ በሙሉ አላስተካከለም። «ዐቃቤ ሕግ» የሚለው ቃል ራሱ ወንጀልን በሚፈራ መራጭ ዘንድ ክብደት አለው፤ ይህን ደግሞ ሕግ ሊሽረው አይችልም። ተፎካካሪ ያልቀረበበት በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ስሙም በወረቀቱ ላይ አይወጣም።

አንድ መጠሪያ አሳሳች ነው ብሎ የሚያምን መራጭ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ፍርድ ቤት ሊከራከር ይችላል። ያን ጊዜ ዳኛ ለመሆን የሚሻው ሰው በምን እንደሚጠራ የሚወስነው ሌላ ዳኛ ነው።