ስታዲየሙ ሞላ፤ ከዚያስ?

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ቢል ማካርትኒ በ1990 እ.ኤ.አ. «ፕሮሚስ ኪፐርስ» የተባለውን የክርስቲያን ወንዶች እንቅስቃሴ መሠረቱ። በ1993 የቦልደር ስታዲየም 50 ሺህ ገደማ ወንዶችን ይዞ ሞላ። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 ደግሞ በዋሽንግተን ናሽናል ሞል መቶ ሺዎች ተንበርክከው ጸለዩ።

በ1998 ድርጅቱ ደመወዝተኛ ሠራተኞቹን በሙሉ አሰናበተ። የስታዲየም መግቢያ ክፍያውን አስቀርቶ በመዋጮ ልኑር ብሎ ነበር፤ መዋጮው አልበቃም።

በእርግጥ ከዚያ ሕዝብ መካከል ሕይወቱ የተለወጠ አለ። ነገር ግን ስታዲየም ሰኞ ማለዳ ስልክ አይደውልም። ያ የአጥቢያው ድርሻ ነው።

አጥቢያዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ያንኑ የስታዲየም ጉባኤ በትንሹ ነው፦ ቁርስ፣ ስብከት፣ ቡና፣ ሽኝት። አውስትራሊያ ውስጥ በ1990ዎቹ የተስፋፉት የወንዶች የሥራ ጎጆዎች ሌላ መንገድ አሳይተዋል፤ አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ናቸው። አንዱ ሳንቃ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። «እንዴት ነህ?» ሲባል ዝም የሚለው ጡረተኛ፣ ዓይኑ ምስማሩ ላይ ሳለ ስለ ሟች ሚስቱ ማውራት ይጀምራል። ወንድ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረን ምእመን ቅዳሜ ማለዳ መጥራት፣ አትምጣ እንደማለት ነው።

የወንዶች አገልግሎት አስተባባሪ ከሆናችሁ፣ ቀጣዩን ጉባኤ ከማስታወቃችሁ በፊት ማን ለማን እንደሚደውል በስም ጻፉ። ዝርዝሩ ካልሞላ ጉባኤው ይቆይ።