የእሑዱ ወንጌልና የሰኞው ሰው

በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ በምድረ ግብጽ፣ ወላጆቹ ሞተውበት ከታናሽ እኅቱ ጋር የቀረና ሰፊ ርስት የወረሰ አንድ ወጣት ነበረ። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን ስለ መከተላቸው በልቡ እያወጣና እያወረደ ነበርና፣ በገባ ጊዜ የሚነበበው ወንጌል ጌታ ባለጸጋውን ሰው ሀብቱን ሸጦ ለድኾች እንዲሰጥና እንዲከተለው ያዘዘበት ክፍል ሆኖ አገኘው። ይህ ወጣት በኋላ የመነኮሳት አባት የተባለው እንጦንስ ነው። ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚተርከው፣ እንጦንስ ቃሉን ለራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ተቀበለው፤ ወዲያውም ወጥቶ 300 አሩራ የነበረውን ለም ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ተንቀሳቃሹንም ንብረት ሸጦ ለእኅቱ ጥቂት አስቀርቶ ሌላውን ለድኾች አከፋፈለ፤ ዳግመኛ ገብቶ ስለ ነገ መጨነቅ እንደማይገባ የሚያስተምረውን ወንጌል በሰማ ጊዜም ያችኑ ያስቀራትን ሰጠና፣ እኅቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ ለምናኔ ወጣ። ቅዱስ አውግስጢኖስም እ.ኤ.አ. በ386 በሚላኖ ከተማ ከልቡ ጋር ሲታገል፣ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ እንዲያነብ ካደፋፈሩት ነገሮች አንዱ ይኸው የእንጦንስ ታሪክ ነበረ።

የእንጦንስ ቆራጥነት ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የማሰላስለው ምንባቡን እርሱ ራሱ እንዳልመረጠው ነው። ሰው በቤቱ መጽሐፍ ቅዱስን ሲገልጥ እጁ ወደ ለመደው ገጽ ይሄዳል፤ ያዘነው የሚያጽናናውን፣ የተበደለው በጠላቶቹ ላይ የሚፈርድለትን ይፈልጋል፤ የሚገሥጸውን ክፍል ግን እንዳላየ ያልፈዋል። የቤተ ክርስቲያን ግጻዌ ይህን ምርጫ ከእጃችን ወስዶ፣ ደስ ቢለንም ቢከብደንም የዕለቱን ወንጌል በዕለቱ ያቀርብልናል። የደቀ መዝሙር ሕይወት መጀመሪያው ይህ ይመስለኛል፤ የሚማረውን የሚመርጠው መምህሩ እንጂ ተማሪው አይደለምና።

በጉባኤ የሚነበበውን ቃል የመስማቱ ልማድ ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት እኩሌታ ላይ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮሙ ንጉሠ ነገሥት ባቀረበው የእምነት መከላከያ፣ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ከከተማና ከገጠር ወደ አንድ ስፍራ እየተሰበሰቡ፣ ጊዜው እስከ ፈቀደ ድረስ የሐዋርያት መዛግብት ወይም የነቢያት መጻሕፍት ይነበቡላቸው እንደ ነበረ፣ ከዚያም የጉባኤው መሪ የሰሙትን መልካም ነገር በሥራ እንዲከተሉ ይመክራቸው እንደ ነበረ ገልጿል። ከቁርባኑ በኋላ አቅም ያላቸው እንደ ፈቃዳቸው የሰጡት ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል እንደ ነበረም ጨምሯል። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የእሑድ ንባብ ፍጻሜው በድኻው ደጅ ነበረ ማለት ነው።

በላቲን ሥርዓት የምትቀድሰው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ እ.ኤ.አ. በ1570 ከወጣው የጳጳስ ፒዮስ 5ኛ መጽሐፈ ቅዳሴ ጀምሮ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በየዓመቱ ያንኑ የእሑድ ምንባብ ስትደጋግም ኖራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1963 ባጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገብ ለምእመናን ሰፋ ተደርጎ እንዲከፈት ስላዘዘ፣ በ1969 አዲስ የምንባባት ሥርዓት ወጣ። በዚህም ሥርዓት የእሑድ ምንባባት በ3 ዓመት ይዞራሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ማቴዎስ፣ በሁለተኛው ማርቆስ፣ በሦስተኛው ሉቃስ ይነበባል፤ ዮሐንስ ደግሞ በዐቢይ ጾምና በትንሣኤ ወራት፣ እንዲሁም በማርቆስ ዓመት ስለ ሕይወት እንጀራ በሚናገረው በ6ኛው ምዕራፉ ይገባል። በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ቁጥሩ ለ3 ያለ ቀሪ የሚካፈል ዓመት የሉቃስ ነው። የብሉይ ኪዳኑ ምንባብ ከወንጌሉ ጋር እንዲገጥም ተመርጧል፤ የሐዋርያው መልእክት ግን በአብዛኛው የራሱን መንገድ ተከትሎ ከሳምንት ወደ ሳምንት ስለሚቀጥል፣ ከወንጌሉ ጋር አልያያዝ ያለው ሰው ቢኖር ማስተዋል ጐደለኝ ብሎ ሊያዝን አይገባውም።

የዚህን አደራረግ ጥበብ ለማየት የክርስቶስ ንጉሥን በዓል የመሰለ ምሳሌ አላውቅም። በዓሉን የሠሩት ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆኑ፣ ዘመኑ ከታላቁ ጦርነት በኋላ ዘውዶች የወደቁበትና መንግሥታት ራሳቸውን እንደ አምላክ ማስመለክ የጀመሩበት ነበረ። በኋላም በዓሉ የሥርዓተ አምልኮው ዓመት በሚፈጸምበት በመጨረሻው እሑድ ላይ እንዲውል ተደረገ። ምእመኑ በዚያ ቀን ስለ ንጉሥ ክብር፣ ስለ ዙፋንና ስለ ዘውድ የሚነበብ ነገር እንዲጠብቅ ግድ ነው፤ ግጻዌው ግን በማቴዎስ ዓመት ንጉሡን በፍርድ ዙፋኑ ላይ ካስቀመጠው በኋላ፣ የተራበው፣ የታረዘው፣ የታመመውና የታሰረው እርሱ ራሱ እንደ ነበረ ያሰማናል፤ በማርቆስ ዓመት ከዮሐንስ ወስዶ ታስሮ በጲላጦስ ፊት የቆመውን ያሳየናል፤ በሉቃስ ዓመት ደግሞ በመስቀል ላይ ሆኖ በአለቆችና በጭፍሮች የሚዘበትበትን፣ ከጐኑ ለተሰቀለው ወንበዴም ገነትን የሚሰጠውን ያቆምልናል። ሦስቱን ዓመት ያለማቋረጥ የሰማ ሰው፣ ሥልጣን ማለት ምን እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ተምሯል። በቤቱ በልጆቹ ላይ፣ በመሥሪያ ቤቱ ከእርሱ በታች በሚሠሩት ላይ፣ በእርሻው በቀን ሠራተኛው ላይ ያለውን ሥልጣን በዚህ ንጉሥ መዝኖ እንደ ሆነ የሚታወቀው በማግሥቱ ሰኞ ነው።

በዓላቱም በዚሁ መንፈስ የተደረደሩ ናቸው። በላቲኑ ቀን መቁጠሪያ የልደት በዓል ታኅሣሥ 25 በዋለ ማግሥት የቀዳሜ ሰማዕት የእስጢፋኖስ መወገር ይታሰባል፤ በ28ኛውም ቀን ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት። የበዓሉ ደስታ ገና ሳይበርድ ደም መታሰቡ ለብዙ ሰው ግር ይለዋል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ሕፃኑ የመጣው ሊያስደስተን ብቻ እንዳይመስለን የሚጠብቀን ነው፤ እርሱን የሚከተል ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችልና ኃያላን የሚፈሩትን ነገር ለማጥፋት ማንን እንደሚሠዉ፣ ሦስት ቀን ሳያልፍ ያስረዳናል።

በአገራችን ያሉ ካቶሊካውያን ግን ሁሉም በላቲን ሥርዓት አይቀድሱም። የአዲስ አበባ፣ የዓዲግራትና የእምድብር ምእመናን ቅዳሴያቸው በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ በዚህም ሥርዓት ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና ከግብረ ሐዋርያት ከተነበበ በኋላ ምስባኩ ተሰብኮ ወንጌሉ ይከተላል። የዐቢይ ጾም ሰንበቶች ስማቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ። የግዕዙ ምእመን፣ ማንበብ የማያውቀው ሽማግሌ እንኳ ሳይቀር፣ ሳምንቱን በወንጌሉ ስም ይጠራዋል፤ በገብር ኄር ሳምንት ገበያ ሲወጣ መክሊቱን የቀበረው ሰው ነገር በስሙ አብሮት ይሄዳል። ይህ በላቲኑ ሥርዓት ያሉ ወንድሞቻችን ሊቀኑበት የሚገባ ሀብት ነው። እነርሱም በበኩላቸው በማቴዎስ ዓመት ጾም ውስጥ የሳምራዊቱን ሴት፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውንና የአልዓዛርን ወንጌል በተከታታይ ሰንበቶች ያነባሉ፤ እነዚህ ምንባባት ንዑሰ ክርስቲያን በትንሣኤ ሌሊት ለመጠመቅ ሲዘጋጁ ይሰሟቸው የነበሩ ናቸው።

ሰምቶ ለመኖር የሚረዳ መንገድ አባቶች ትተውልናል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የካርቱዚያን መነኩሴ የነበረው ጉይጎ 2ኛ ማንበብን፣ ማሰላሰልን፣ መጸለይንና በተመስጦ መቈየትን እንደ መሰላል እርከኖች አስተምሯል፤ ጳጳስ በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ እግዚአብሔር ቃል በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ንባቡ በሥራ ካልተፈጸመ ፍጻሜውን እንዳላገኘ አሳስበዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚነካው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ አደራረግ ነው። ደቀ መዛሙርት ወርቅና ከረጢት፣ ጫማና በትር ሳይዙ እንዲሰብኩ የተላኩበት ወንጌል በፖርሲዩንኩላ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ፣ ከቅዳሴው በኋላ ቃሉን እንዲያብራራለት ካህኑን ለመነ፤ ከተረዳም በኋላ በዚያው ጫማውን አውልቆ በትሩን ጣለ፤ የቈዳ መታጠቂያውንም በገመድ ለወጠው። የምንማረው አንዱ ነገር መጠየቁ ነው። በየቁምስናችን ስንቶቻችን ነን ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ስለ ንባቡ የምንጠይቀው? ካህኑም እንዲህ የሚጠይቀው ምእመን እንዳለ ካወቀ ስብከቱን አስቀድሞ በጸሎት ሳያዘጋጅ ወደ መንበሩ አይወጣም።

ለቤተሰብ የምመክረው ቀላል ነው። ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ የነገው ወንጌል ከልጆቹ አንዱ እያነበበ ይሰማ፤ እሑድ ስብከቱ ይደመጥ፤ ከሰኞ በፊት እያንዳንዱ ለዚያ ሳምንት የሚፈጽማትን አንዲት ነገር ብቻ ይምረጥ፤ ይኸውም ያኰረፈውን ወንድም መጠየቅ፣ የዘገየውን የሠራተኛ ደመወዝ መክፈል፣ ከታመመ ጎረቤት ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥ ሊሆን ይችላል። ያችንም ነገር ከዓመተ ምሕረቱ ጋር በመጽሐፍ ቅዱሱ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጻፋት። ያው ወንጌል ተራው ደርሶ በሚመለስበት ጊዜ ጽሑፉ ከንባቡ ጐን ይገኛል፤ ያልተፈጸመ ነገር ያገኘ ሰው ወደ ንስሓ አባቱ ይዞት ይሂድ፤ የተፈጸመ ያገኘም አዲሱን ከሥሩ ይጨምር።