ኃይል ሰጪ ምግብና ኃይል ያጣ ሰውነት

በክፍል እንደ ተማርነው፣ እንደ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያሉት ካርቦሃይድሬት የሚበዛባቸው ምግቦች ኃይል ሰጪ ይባላሉ። እንግዲህ ኃይል ያጣ ሰው እነዚህን ምግቦች ቢቀንስ ይበረታል ወይስ ይብሱን ይደክማል? ይህን ጥያቄ በራሴ ሰውነት ስለ ሞከርሁት፣ ያገኘሁትን ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጓደኞቼ በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት ሄጄ ነበር። ዌብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ቦርቡሮ በሠራው መንገድ ከሁሉም እኩል ተራመድሁ፤ ሣቅሁም። በማግሥቱ ግን ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፤ ሁለት ሳምንትም ከትምህርት ቀረሁ። አንዳንዶች «ለዋሻው በርትታ ለፈተናው ደከመች» ብለው እንዳሙኝ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ የበሽታው ጠባይ ይህ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበርና።

ሐኪሙ አስቀድሞ ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሕመም፣ የስኳር በሽታና የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን መረመረኝ፤ እነዚህም ሰውን ያደክማሉና። በኋላም ሕመሜ ሥር የሰደደ የድካም በሽታ እንደ ሆነ ነገረኝ። ይህ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ፣ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም ነው፤ ሐሳብን ይበትናል፤ ብዙዎችንም ሲቆሙ ያዞራቸዋል። ዋና ምልክቱ ግን ሰው ከሠራ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሕመሙ የሚብስበት መሆኑ ነው። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1955 በሎንዶን ከተማ በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞች እንዲህ ባለ ሕመም ተይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢጠናም፣ እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ መመርመሪያም ፈዋሽ መድኃኒትም አልተገኘለትም።

ከአዲስ አበባ የመጣች አክስቴ «እህሉን ተዪው፤ ድካሙ ይለቅሻል» ብላ መከረችኝ። እናቴም «ልጄ፣ በገብስ አገር ገብስ ትተሽ ምን ልትበዪ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ጭኮው፣ ገንፎው ሁሉ ገብስ ነው። ቢሆንም ለሦስት ሳምንት ዕንቍላል፣ ሥጋ፣ አይብና ጎመን በቅቤ ብቻ በላሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አመመኝ፤ ስነሣም ዐይኔ ይጨልም ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ከእህል ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋርም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይቀመጣል። እህል ሲቀር ጎተራው ይራቆታል፤ ውሃውም ከጨው ጋር በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ክብደት ፈጥኖ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያ የሚቀንሰው ግን አብዛኛው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሲቆም የሚያዞረው በሽተኛም ውሃና ጨው ሲያጣ ይብስበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉበት ከስብ ኬቶን የተባለውን ሌላ ማገዶ አብዝቶ ይሠራል፤ እኔንም ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ተወኝ።

ታዲያ ዳንሁን? አልዳንሁም። ከምሳ በኋላ ይጫነኝ የነበረው እንቅልፍ ቀለል አለ፤ ገበያ ደርሼ በተመለስሁ ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው ሁለት ቀን ተኛሁ። ይህ ዐይነት አመጋገብ ከ1921 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ አገልግሏል። ለእኔ በሽታ ግን በ2021 የወጣው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ማንኛውንም የተለየ አመጋገብ ለመደገፍ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ይናገራል። ደግሞም ዕንቍላልና ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለቤታችን ከበደ፤ ጾም ሲገባም የሚቀረው ሽሮና ባቄላ ነው፤ እነርሱም ካርቦሃይድሬት አላቸው። መድኃኒት የሚወስድ የስኳር በሽተኛ ከሆነ፣ ያለ ሐኪም ምክር ይህን ቢሞክር የደሙ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ሊጎዳው ይችላል።

አሁን እንጀራውን ጥቂት ቀንሼ ወጡን አበዛለሁ፤ ውሃም በደንብ እጠጣለሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ድካሙ ሳይጥለኝ አስቀድሜ ማረፌ ነው። ምግብ ሰውነትን ይደግፋል እንጂ ይህን በሽታ አይነቅለውም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ከክፍል የቀረ ተማሪ ባያችሁ ጊዜ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምን ሠርተህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።