የእርሻ ድጎማ ለገበሬው የሚደርስበት መንገድ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ በላይና በታች ባሉት የአራዳ ቀበሌዎች የሚኖር ቤተሰብ እህሉን ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ይገዛ ነበር። ዋጋው ከእህል በረንዳ ዋጋ ያነሰ ነው። ልዩነቱን በአብዛኛው የሸፈነው ግን አምራቹ ገበሬ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየደለደለ በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ስለነበር፣ የሚከፈለው ከነፃው ገበያ ግማሽ የማይሞላበት ጊዜ ነበር። ኮታውን ከምርቱ መሙላት ያቃተው ገበሬ በጉን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ይህ አሠራር በ1982 ዓ.ም. ቀርቷል። ዛሬም ቢሆን «መንግሥት ይደጉማል» ሲባል አዛውንቶች ፊታቸውን ቢያጨፈግጉ ምክንያት አላቸው።

የአሁኑ ድጎማ አቅጣጫው የተለየ ነው፤ በማዳበሪያ ላይ ይሰጣል። ቀድሞ የነበረው የማዳበሪያ ድጎማ በ1989 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ እጅግ ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መድቦ መልሶ ጀመረው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነና ማዳበሪያው ከውጭ ስለሚገዛ፣ የድጎማው አስፈላጊነት ጨምሯል።

በአሜሪካ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ክፍያ በቀጥታ ለገበሬው የሚደርስበት አሠራር አለ። በእኛ አገር ግን ድጎማው በገበሬው እጅ አይገባም፤ ከከረጢቱ ዋጋ ላይ ተቀንሶ፣ በዩኒየኑና በመሠረታዊ ማኅበሩ በኩል አልፎ ይደርሰዋል። ስለሆነም ገበሬው ድጎማውን አያየውም። ያልታየ ገንዘብ ደግሞ በመንገድ ቢቀር ጠያቂ የለውም።

ለሒሳብ እንዲመች ብቻ ድጎማው በኩንታል 1,000 ብር ነው እንበል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 1 ኩንታል ቢወስድ 1,000 ብር ተደጎመ፤ ሁለት ሄክታር ያለው 4 ኩንታል ቢወስድ 4,000 ብር። ቀሪውን ዋጋ የሚከፍልበት አጥቶ ያልወሰደው ምንም አላገኘም፤ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነበር። በዚህ በኩል አሜሪካም ከእኛ ብዙ አይሻልም፤ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይወስዳል። በእኛ ግምት ማኅበራት ከሁሉ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። የፍላጎት ምዝገባው ሲካሄድ የልማት ሠራተኛው «ስንት ትፈልጋለህ?» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ «በምን ትከፍላለህ?» ብሎም ይጠይቅ። መልስ ያጣውን ገበሬ ስም ለይቶ ለብድርና ቁጠባ ማኅበሩ በጊዜ ያስተላልፍ። ምዝገባው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ብድር ለዘንድሮ አይረዳም።

ጊዜም ከዋጋ አያንስም። ለበቆሎ የታሰበ ማዳበሪያ ሐምሌ ላይ ቢደርስ፣ ምንም ያህል ቢደጎም ለዘር ወቅቱ አልዋለም። የተደጎመ ከረጢት ወደ ነጋዴ ከዞረና በገበያ ዋጋ ተመልሶ ለገበሬ ከተሸጠ ደግሞ ድጎማውን የበላው ነጋዴው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ እያንዳንዱን ከረጢት በተመዘገበው ገበሬ ስም፣ በደረሰኝ ያስረክብ።

በመጋዘኑ በር ላይ ሦስት ቁጥሮች በጉልህ ይጻፉ፦ የኩንታሉ ሙሉ ዋጋ ከነማጓጓዣው፣ መንግሥት የደጎመው፣ ገበሬው የሚከፍለው። ማንበብ የማይችል ካለ ጸሐፊው ያንብብለት፤ ደረሰኙም ላይ እነዚሁ ሦስቱ ይስፈሩ።